የት ነው የሚያድረው?

ስሙኝማ! ይሄ ነገር የሆነው ደቡብ ለንደን፣ ፔካም አካባቢ፣ ቤቶቹ ተጣብቀው በተሰለፉበት አንድ ጠባብ ጎዳና ላይ ነው። ባልየው አውቶቡስ ይነዳል፤ ሚስትየው ነርስ ናት። ሦስት ልጆች አሏቸው። ዘንድሮ ደግሞ የባልየው እናት ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ቆጥራችሁ ከሆነ ስድስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ባለ አምስት መቀመጫ መኪና ውስጥ አይገባም፤ እዚህ አገር ደግሞ «ልጁን ጭንሽ ላይ አድርጊው» ብሎ ነገር የለም፣ ያስቀጣል። ስለዚህ የሚነዱት ሰባት ሰው የምትጭን አሮጌ ቶዮታ ፕሪየስ ፕላስ ነው። ከሚኒካብ (በጥሪ የሚመጣ ታክሲ) ሾፌር ላይ የተገዛች ናት፤ የኋላ ወንበሯ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቡና ጠብታ እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ አንድ ማታ ባልየው ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት።

«እይው እስኪ።»

«ያምራል። የማን ነው?»

«ቼሪ። ቲጎ 8 ይባላል። ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ነው፤ ሶኬት ላይ ትሰኪዋለሽ፣ ቤንዚንም ትቀጂለታለሽ። በኤሌክትሪኩ ብቻ 56 ማይል ይሄዳል ይላሉ፤ ከዚያ ሞተሩ ይረከባል። ሰባት መቀመጫ አለው። ዋስትናው 7 ዓመት ነው።»

«ዋጋውስ?»

«ከ33 ሺህ ፓውንድ ትንሽ ዘለል ይላል።»

«ለቻይና መኪና? 33 ሺህ?»

እዚህ ላይ ልቁም። ሚስትየው እንዲህ ያለችው ወዳ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የቻይና መኪና ሲባል ትዝ የምትለው ሊፋን ናት፤ ያቺ ዱከም ላይ ስትገጣጠም የነበረችው፣ በሆላንድ ካር በኩል ደግሞ «ዓባይ» ተብላ የተሸጠችው። ሆላንድ ካር ከሰረ፤ የቾንግቺንጉ ሊፋንም እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት ገብቶ ዕዳውን በዳኛ ፊት አስተካከለ። ሰው መኪና የሚገዛው ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መለዋወጫ የሚሸጥለት ፋብሪካ ይኖራል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር።

ግን ደግሞ ስሙኝ። እነዚህ ባልና ሚስት ሠርግ ቤት አምሽተው ሲመለሱ፣ ሌሊት አውቶቡስ አምልጧቸው፣ ስንት ጊዜ ጥቁሩን የለንደን ታክሲ ተሳፍረዋል! አዲሱ ታክሲ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የምናየው፣ ምን መሰላችሁ? ሶኬት የሚሰካ፣ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በተጠባባቂነት የያዘ መኪና ነው። ባለቤቱ ደግሞ ጂሊ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ2013 ገዝቶታል። ቮልቮንም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የያዘው እሱው ነው። ጎረቤት የሚነዳው ኤምጂ የሻንጋዩ ሳይክ ነው። ቼሪም ቢሆን ትናንት የበቀለ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ዉሁ በምትባል ከተማ ተቋቁሞ ለረጅም ዓመታት ከቻይና መኪና ወደ ውጭ በመላክ የሚመራ ኩባንያ ነው። ሌላው የቻይና ኩባንያ ቢዋይዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ሸንዘን ውስጥ የስልክ ባትሪ በመሥራት ጀምሮ፣ በታኅሣሥ 2008 በዓለም የመጀመሪያውን በብዛት የተመረተ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ለገበያ አወጣ። ያኔ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«እና ዛሬ ለምንድን ነው ሁሉም በአንድ ጊዜ የመጡት?» አለች ሚስትየው። ነገሩ የቀረጥ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት 2024 ከቻይና በሚመጡ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ፤ ሶኬትና ቤንዚን ያላቸውን ግን አልነካም። ቻይናዎቹም ወደዚያው ዞሩ። እንግሊዝ ደግሞ ከኅብረቱ ወጥታለችና ተጨማሪውንም አልጣለችም። አሜሪካ ያለው የሚስትየው ወንድም ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ እሱ ቢፈልግም አያገኝም። እዚያ በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የተጣለው ቀረጥ 100 በመቶ ደርሷል፤ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝና የቻይና ሶፍትዌር ያለበት መኪና ጭራሽ አይሸጥም።

እናላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ሊነዱ ሄዱ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አዩ፤ አሁን የምነግራችሁን የሠራው የትኛው እንደሆነ ስሙን አልጠራም። ባልየው መሪውን ያዘ፣ እናቱ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሻጩ ልጅ ከጎኑ። መኪናው ያለ ድምፅ ተንሸራተተ።

«ሞተሩ ተነሣ እንዴ?» አሉ እማማ።

«እየሄድን ነው እኮ እማዬ» አለና ዞር አለ። ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ! ከመሪው ኋላ ያለች ትንሽ ካሜራ ዓይኑ ከመንገድ መነሣቱን አይታ ኖሯል። የመንገዱ የፍጥነት ገደብ በሰዓት 20 ማይል ነበር፤ 21 ሲገባ ሌላ ጩኸት። መስመሩን ጠጋ ሲል መሪው ራሱ መለሰው፤ ባልየው ደነገጠ፤ ካሜራዋ ድንጋጤውን አይታ ይሁን አይሁን እንጃ፣ እንደገና ጮኸች። ሚስትየው ከኋላ በሳቅ ሞተች። «ሃያ ዓመት ስነግርህ ያልሰማኸውን ይሄ ይነግርሃል!»

ሻጩ ልጅ «ይጠፋል፣ ይጠፋል» እያለ ስክሪኑን ይነካካል። ይጠፋል፤ እውነቱን ነው። ግን መኪናውን አጥፍታችሁ ባስነሣችሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ሙቀቱን ለመቀነስም ስክሪን ነው፣ መስተዋቱን ለማስተካከልም ስክሪን። አሥር ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የሚውል ሰው ይሄ ያናድደዋል፤ እጁ በጨለማ የሚያውቀውን ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ወንበሩ ግን የሚያምር ነው፤ ጣራው መስተዋት፣ ልጆቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወጥተው አንወርድም አሉ። ሰባቱም ወንበር ሲዘረጋ ለሻንጣ የሚቀረው ቦታ የሁለት ፌስታል ነው። ይሄንን ሻጩ አልነገራቸውም፤ እማማ ናቸው ዘንቢላቸውን ለማስቀመጥ ሲሞክሩ ያዩት።

ቤት ገቡ። ቡና ተፈላ። እኔም ያኔ ነው የደረስኩት፤ አንድ ሌላ ወዳጃችንም ነበር፣ ሚኒካብ የሚነዳ። ክርክሩ ደርቶ ነበር። ባልየው ስለ ባትሪው፣ ሚስትየው ስለ ወር ክፍያው፣ ሚኒካቡ ሁለቱንም አላዋቂ ስለማድረግ። እማማ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፦

«ልጄ» አሉ፣ «ይሄ መኪና ሌሊት የት ነው የሚያድረው?»

«ደጅ ነዋ እማዬ። እንደ አሁኗ መንገድ ዳር። ቦታ ካልተገኘ ማዶ።»

«ታዲያ ያንን ገመድ በየት አድርገህ ትሰካለታለህ? እኛ ጋ ላም የሚገዛ ሰው መጀመሪያ በረቱን ነው የሚያየው።»

ልብ አድርጉልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቁት መኪናው የማን ነው በሚል ነበር። ይህቺን የጠየቀ አልነበረም።

ሚኒካቡ እስክሪብቶ አወጣ፤ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈው። ሚስትየው ሆስፒታል ለመድረስ 14 ማይል ትነዳለች፤ ደርሶ መልስ 28። ባትሪው 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 56 ማይል የሚባለው የላቦራቶሪ ቁጥር ነው፣ በእውነተኛው መንገድ 45 ካገኙ ጥሩ ነው፣ በብርድ ቀን ማሞቂያ ተከፍቶ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ለ28 ማይል ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች።

ግቢ ኖሯት፣ የራሷን ቻርጀር አስገጥማ፣ የሌሊት ታሪፍ ብትገባ፣ ኪሎዋት ሰዓቱ 7 ፔንስ ቢሆን፣ የቀኑ መንገድ 84 ፔንስ ነው። አንድ ሙዝና አንድ ውኃ አይገዛም! ያው ቤቷ ሆኖ በመደበኛው ታሪፍ፣ 27 ፔንስ ብንለው፣ 3 ፓውንድ ከ24። አሁን መንገድ ዳር፣ መብራት ምሰሶ ላይ ከተገጠመው የሕዝብ ቻርጀር፣ በ55 ፔንስ? 6 ፓውንድ ከ60። ቤት የሚከፈለው የተጨማሪ እሴት ታክስ 5 በመቶ ሲሆን መንገድ ላይ 20 በመቶ ነው፤ ግቢ የሌለው ሰው በግብሩም ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው።

«አሮጊቷ ፕሪየስስ?» አለች ሚስትየው።

በጋሎን 50 ማይል፣ ቤንዚኑ በሊትር 1 ፓውንድ ከ35፤ 3 ፓውንድ ከ44።

ዝም ብላችሁ እዩት ይሄን። ከመንገድ ምሰሶ እየሰካች አዲሱን መኪና ብትነዳ፣ አሮጌዋ ከምትጨርሰው እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ጭራሽ ሳትሰካ በቤንዚን ብቻ ብትነዳው ደግሞ ያንን ሁሉ ባትሪ በከንቱ ተሸክማ ትዞራለች፤ እሱም ከፕሪየሷ ይበልጥ ይጠጣል። ሚኒካቡ ይሄንን በዓይኑ አይቷል። ከጥር 2023 ጀምሮ ለንደን ውስጥ አዲስ ፈቃድ የሚወጣለት ሚኒካብ የተወሰነ መንገድ ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት፤ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ያንን ያሟላል። «ፈቃዱን ለማግኘት ገዝተው ኬብሉን ከነላስቲኩ የተዉ አውቃለሁ» አለ። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከመኪኖቹ ከራሳቸው ኮምፒውተር የተሰበሰበውን አይቶ፣ የእነዚህ መኪኖች እውነተኛ ጭስ ወረቀት ላይ ከተጻፈው በአማካይ 3.5 እጥፍ ይበልጣል ብሏል። መኪናው ዋሽቶ አይደለም፤ ሰዉ አልሰካም።

አዲስ አበባ ያለችው የሚስትየው እህት በቪዲዮ ገባች። ነገሩን ሰምታ «እናንተ ደግሞ!» አለች። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደች በኋላ እሷ ሙሉ ኤሌክትሪክ የቻይና መኪና ነው የምትነዳው፤ ግቢዋ ውስጥ ሰክታ ትተኛለች። «ወይ ቤንዚን ወይ መብራት ግዙ፤ ከሁለት ያጣ እንዳትሆኑ።»

ባልየው ግን መልስ ነበረው፤ ጥሩ መልስ። ሊድስ ዘመድ አላቸው፣ ወደ 200 ማይል ነው። ልጆቹ ተኝተው፣ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ቻርጀር ፍለጋ ሞተርዌይ ላይ ተራ መጠበቅ አይፈልግም። በሥራ ቀን ኤሌክትሪክ፣ በዓመት በዓል ቤንዚን፤ ለእንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ይሄ መኪና የታሰበበት ነው። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ሙሉ ኤሌክትሪክ ለሁሉም ነው የሚል ሰው ወይ ግቢ አለው ወይ ዘመድ የለውም።

ሆኖም ሂሳቡ አላለቀም። ሁሉም ነገር ተመቻችቶላት በ84 ፔንስ ብትሄድ እንኳ ከፕሪየሷ የምታተርፈው በቀን 2 ፓውንድ ከ60 ነው፤ በዓመት 230 ቀን ብትሠራ ወደ 600 ፓውንድ። በ33 ሺህ ላይ! ከሚያዝያ 2028 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ፕለግ-ኢን ሃይብሪድን በማይል 1.5 ፔንስ ሊያስከፍል ወስኗል፤ በሥራዋ መንገድ ብቻ በዓመት 97 ፓውንድ ይሆናል። ኢንሹራንሱ ለእነዚህ አዳዲስ ስሞች ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ዘይት መቀየር፣ ሰርቪስ፣ ያው አለ፤ ሞተር አለዋ። ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚሸጥም ገበያው ገና አልተናገረም። ለዚህ ነው ሚኒካቡ «ከወሰዳችሁ በፒሲፒ ውሰዱ» ያላቸው፦ ወር በወር ትከፍላላችሁ፣ ውሉ ሲያልቅ ዋጋው ከወደቀ ቁልፉን መልሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ ኪሳራው የአበዳሪው ነው። በእርግጥ ውሉ ውስጥ ያለውን የማይል ገደብ ካላለፋችሁ፣ ልጆቹም መቀመጫው ላይ ማንጎ ካልጨመቁበት።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። ቻይና ነው ብሎ መተው ጊዜው አልፎበታል። ቤንዚን ይቆጥብልኛል ብሎ የምትሠራ መኪና ሽጦ መግዛትም አያዋጣም። አሮጌው መኪና ከሞተና በራችሁ ላይ ሶኬት ካለ፣ ግዙት፤ ጩኸቱን ትለምዱታላችሁ። ሶኬት ከሌለ የማይሰካውን ተራ ሃይብሪድ ውሰዱ፤ ቻይናዎቹ እሱንም ይሸጣሉ፣ ይረክሳልም።

ባልና ሚስቱስ? አንዳንድ የአካባቢ አስተዳደሮች (ካውንስሎች) የእግረኛውን መንገድ ቆርጠው፣ ኬብሉ ሰው ሳያደናቅፍ የሚያልፍባት ጠባብ ቦይ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። ባልየው በማግስቱ ማመልከቻውን ሞልቶ ላከ። ሻጩ ልጅ በየሳምንቱ ይደውላል፤ ሚስትየው «ከካውንስሉ መልስ ሲመጣ» ትለዋለች። ፕሪየሷ ባለፈው ወር ዓመታዊ ምርመራ (ኤምኦቲ) ገብታ አልፋለች፤ ፍሬን ሸራ ብቻ ነው የቀየሩላት።