ጥቁር ድንጋይ ለመብሳት የሚሆን ፑንታ እንዴት ይመረጣል?

የግቢ በር ማጠፊያ በድንጋይ ዓምድ ላይ ለማሰር ወይም በማሳ መካከል የተጋደመ ቋጥኝ ለመፍለጥ የተነሣ ሰው ሥራው የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አጥቶ ሳይሆን የማይስማማ ፑንታ ይዞ ነው። ለብረት የተሠራ ፑንታ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ግሎ ስለቱ ይዶለዱማል፤ የተከፈለበት ገንዘብም ይባክናል።

የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይገለጻል። የኖራ ድንጋይ 3 አካባቢ ነው፤ በምስማር ሲፋቅ ይጫራል። በግራናይት ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ሲደርስ፣ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ይላል። የድንጋይ ፑንታ ጫፍ የሚሠራበት ካርባይድ ግን 9 ገደማ በመሆኑ ሁሉንም ይበሳል። ሲገዙ ጫፉን ማየት ይበቃል፦ የድንጋይ ፑንታ ጫፍ ላይ ከግንዱ ጥቂት ሰፋ ያለ፣ ተበይዶ የተያያዘ ቁራጭ ይታያል። የብረቱ ግን አንድ ወጥ ነው።

ፑንታው ብቻውን አይበቃም። ድንጋይን የሚሰብረው ምቱ እንጂ መሽከርከሩ አይደለም፤ ስለዚህ እየመታ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። ማሽኑን በኃይል መጫን ፑንታውን ያግላል እንጂ ሥራውን አያፈጥንም። ሰፊ ቀዳዳ ሲፈለግ በ6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ማስፋት ይሻላል። ዱቄቱ እንዲወጣም ፑንታውን ደጋግሞ መሳብ ያስፈልጋል። የጋለውን ፑንታ ውኃ ውስጥ መንከር ጫፉን ሊሰነጥቀው ስለሚችል በአየር ይቀዝቅዝ። የአልማዝ ጫፍ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ውኃ ይወዳል፣ ምት ግን አይችልም፤ ለተወለወለ ግራናይትና ለሴራሚክ የሚመረጠውም እርሱ ነው።

መብራት በሌለበት ገጠር ቋጥኝ በእጅ ይፈለጣል። ስለቱን በመዶሻ እየመቱ፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጥቂት እያዞሩ፣ በአንድ መስመር ተቀራራቢ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በየቀዳዳው ሁለት የብረት ቅጠሎችና በመካከላቸው ሽብልቅ ገብቶ ሽብልቆቹ በየተራ ቀስ እያሉ ይመታሉ። አንዱን ብቻ መምታት ድንጋዩን ካልተፈለገበት ቦታ ይሰብረዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ዱቄቱ ነው። ኳርትዝ ያለበት ድንጋይ ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ነጠላ ወይም ሻርፕ አይከላከለውም፤ የብናኝ ጭምብልና የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። በእጅ ሲበሳ ቀዳዳውን ማርጠብም ብናኙን ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ላይ ግን ለውኃ ካልተሠራ በቀር ውኃ ማፍሰስ ለሕይወት አደገኛ ነው።