የቤተ መዛግብት መዘርዝር ከወርድ ወደ ኢ.ኤ.ዲ. ሲዛወር

ወደ ቤተ መዛግብት የሚገቡ ወረቀቶች በሳጥንና በፋይል ተከፍለው ይቀመጣሉ። በየሳጥኑ ምን እንዳለ የሚገልጸው ጽሑፍ የመዛግብት መዘርዝር ይባላል። የአያቱን ስም የሚፈልግ የረሆቦት ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ነው። መዘርዝሩ ውስጥ ያልተገኘ ሰው፣ ወረቀቱ በሳጥኑ ቢኖርም፣ እንደሌለ ይቆጠራል።

ብዙ መዘርዝሮች በወርድ ፕሮግራም ተጽፈዋል። ይህ ለአንባቢ በቂ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን "ወለቃ" የመንደር ስም ይሁን የሰው፣ "1977" ዓመት ይሁን የፋይል ቁጥር አያውቅም። ለዚህ መፍትሔ ኢ.ኤ.ዲ. የሚባል የአጻጻፍ ደረጃ አለ። ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው እትም በ1998 ወጣ፤ በ2002 እና በ2015 ታድሷል። በኤክስ ኤም ኤል ለሰው ስም፣ ለቦታና ለዘመን የየራሳቸው ምልክት ይደረግባቸዋል።

ይህ ለቤተ እስራኤል የሚጠቅመው ወረቀቶቻችን የተበታተኑ ስለሆኑ ነው። የዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች (1881–1955) ስብስብ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሶኽኑት ሰነዶች በኢየሩሳሌም በማዕከላዊው የጽዮናዊነት ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ የጆይንት በኒው ዮርክና በኢየሩሳሌም ነው። መዘርዝሮቹ በአንድ ዓይነት ደረጃ ከተጻፉ በአንድ ጊዜ ሁሉንም መፈለግ ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ስም ነው። በኢትዮጵያ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ የብዙዎች የራስ ስምም በዕብራይስጥ ተለወጠ። በተለያየ ጊዜ የመጡ ወንድማማቾች በሁለት የቤተሰብ ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። የመንደር ስምም እንዲሁ ነው፤ አምቦበር በዕብራይስጥ ሲጻፍ "ቤት" የሚለው ፊደል "ብ"ም "ቭ"ም ሆኖ ይነበባል። በኢ.ኤ.ዲ. ልዩ ልዩዎቹን አጻጻፎች በአንድ መለያ ቁጥር ማሰር ይቻላል። ዘመኑም ከነአቆጣጠሩ ይመዘገባል። ዘመቻ ሙሴ (ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ) በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1977 ላይ ይውላል፤ አቆጣጠሩ ካልተለየ የዚያን ጊዜ ደብዳቤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

የማዛወሩ ሥራ እንዲህ ነው። የወርዱ ጽሑፍ መጀመሪያ ወደ ሠንጠረዥ ይለወጣል፤ ሳጥን፣ ፋይል፣ ርዕስና ዓመት የየራሳቸው ዓምድ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ምልክቶቹን ፕሮግራም ያስገባል። አማርኛ ያለበት ጽሑፍ ግን አስቀድሞ መመርመር አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ በድሮዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበው በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ፕሮግራሙ የጎደለ ምልክት ካለ ያስጠነቅቃል፤ የአንዲት እናት ስም ከመንደሯ ስም ጋር ቢቀያየር ግን አያውቅም። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ከኮምፒውተር ባለሙያ ይልቅ አገሩን የሚያውቁ ሽማግሌ ይበልጣሉ፤ መጠየቅ ያለባቸውም ዝርዝሩ ከመዛወሩ በፊት ነው።

በኪርያት ሞሼም ሆነ በሌላ ሰፈር ደብዳቤና ፎቶግራፍ በቤታቸው ያስቀመጡ ቤተሰቦች ዝርዝሩን ከአሁኑ በሠንጠረዥ ቢጽፉት ሥራው ይቀላል። በአንድ ዓምድ ስሙን በፊደል ከነአባትና አያት፣ በሁለተኛው አሁን በመታወቂያ ያለውን ስም፣ በሦስተኛው መንደሩንና አውራጃውን፣ በመጨረሻው ዓመቱንና በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ።