ልጡ የተራሰ፣ መቃብሩ የተማሰ፦ ሞትን በቀልድ የሚጠሩ አነጋገሮችና ምንጫቸው

በአማርኛ ሞት በገዛ ስሙ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። የተከበረ ሰው ሲሞት «ዐረፈ»፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሲሞት «አሸለበ» ይባላል። ከእነዚህ ጨዋ ቃላት ጎን ለጎን ግን ሕዝቡ ሞትን ደፍሮ የሚቀልድባቸው ፈሊጦች አሉ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴም እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ከበሽተኛውም ከአስታማሚውም አፍ የማይጠፉት እነዚህ አነጋገሮች ሲመረመሩ፣ ብዙዎቹ ከቀብር ሥርዓት ዕቃና ተግባር የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ።

«ልጡ የተራሰ፣ መቃብሩ የተማሰ» የሚባለው ዕድሜው የገፋ ወይም ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነው። ልጥ ከእንጨት ቅርፊት የሚላጥ ማሰሪያ ሲሆን፣ ደርቆ እንዳይበጠስ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል። ቃሬዛ የሚታሰረው፣ የተገነዘውም አስከሬን የሚጠፈረው በእርሱ ነበር። እንግዲህ ልጡ የተራሰለት ሰው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ጎረቤቱ ማሰሪያውን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሰው ነው። ስለ ራሱ እንዲህ የሚል ሽማግሌ በሞት ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹም ችኮላ ያሾፋል። «ክንዴን ሳልንተራስ» የሚለውም ሟቹን ከክንዱ በቀር ትራስ እንዳጣ እንቅልፋም ይቈጥረዋል።

«ስሙን ቄስ ይጥራው» ከእርግማን ወገን ነው። ምንጩ ጸሎተ ፍትሐት ሲሆን፣ በዚያ ጸሎት ካህኑ ሟቹን በክርስትና ስሙ እየጠራ ይለምንለታል። ተራጋሚው «ሙት» ማለትን ይሸሽና ጥሪውን ለቄሱ ይተወዋል። በዚህ ረገድ ጋይንት የራሱ ድርሻ አለው፤ በዚያ ምድር የሚገኘው ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነውና። መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን የሚዜም ዜማ ነው። ሞትን በዜማ የሚሸኙ መምህራን የሚመረቁበት አገር ስለ ሞት ቋንቋ ቢበለጽግ አያስገርምም።

ከተዝካርም የወጣ ቀልድ አለ። ወራሾቹን የማያምን ሰው በሕይወቱ ሳለ ድግሱን ደግሶ «የቁም ተዝካር» ያወጣ ነበር። በራሱ ተዝካር ላይ የሚገኝ ሰው ለመንደር ጨዋታ ይመቻል።

«ለቀባሪው አረዱት» ያስቃል፤ ሟቹን በእጁ ለቀበረ ሰው ሞቱን እንደ አዲስ ወሬ መንገር ነውና። ምንጩ የመርዶ ሥርዓት ነው። መርዶ ጊዜ ተመርጦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ መርዶው በይፋ ሳይነገር ለረጅም ጊዜ መቆየቱ፣ ሞትን ማወቅና ሞትን መስማት ሁለት ነገር እንደ ነበሩ ያሳያል።

ቀልዱ ግን ከባድ ዘመናትን ተሸክሟል። «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ፣ ቀባሪ እስኪታጣ በሺህ የሚቈጠር ሰው አልቋል። ሰው የሚመኘው መልካም ሞት የሚቀብረው ሰው ያለበት ሞት ነበር። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት፣ አንዱን ግባ በሉት አለ» የሚለውም የዚሁ ዓይነት ድፍረት ነው፤ ዘጠኙን በር ላይ ያስቀራቸዋል፣ ለመግደል አንዱ ይበቃልና።

እነዚህ ፈሊጦች ለጤና ባለሙያ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም አላቸው። ቃሬዛ አስከሬን ብቻ ሳይሆን በሽተኛም ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱን የሚወስነው የተነሡበት ሰዓት ነው። «እኔማ ልጤ ተርሷል» ብሎ የሚስቅ በሽተኛ ቀልዱን ተናግሮ ላያበቃ ይችላል። ምናልባት መድኃኒቱን ትቶታል፤ ምናልባትም ቤተሰቡ የደበቀውን የበሽታውን ክብደት እርሱ ቀድሞ ደርሶበታል። ሐኪሙ አብሮት ቢስቅ አይከፋም፤ ከሳቁ በኋላ ግን «ልጡን ያራሰው ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። በሽተኛው ራሱ የሚያውቀውን ከእርሱ ሰውሮ ማንሾካሾክ፣ አበው እንዳሉት፣ ለቀባሪው ማርዳት ነው።