የሞገድ ርዝመት ካሊብሬሽን በሥነ ፈለክ ምልከታ

ማጣቀሻ ስፔክትረም የሞገድ ርዝመታቸው በቤተ ሙከራ አስቀድሞ በትክክል የተለካ የብርሃን መስመሮች ስብስብ ነው። በቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠመው ስፔክትሮግራፍ የኮከብን ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ በካሜራ ላይ ያሳርፋል። ካሜራው የሚመዘግበው ግን ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ እንጂ የሞገድ ርዝመቱን አይደለም። የነጋዴ ሚዛን ክብደቱ በተረጋገጠ የሚዛን ድንጋይ እንደሚፈተሽ ሁሉ፣ ይህም መሣሪያ በታወቀ ብርሃን መፈተሽ ይኖርበታል።

ለዚሁ ተግባር የጋዝ መብራቶች ያገለግላሉ። ኒዮን በቢጫና በቀይ ክልል በርካታ መስመሮች አሉት፤ ሜርኩሪ በ546.07 ናኖሜትር ላይ ደማቅ አረንጓዴ መስመር ይሰጣል። ለከፍተኛ ትክክለኛነት ለረጅም ጊዜ ሲመረጥ የቆየው የቶሪየምና አርጎን መብራት ነው። ቶሪየም በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ በተፈጥሮ የሚገኘውም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አንድ አይሶቶፕ፣ ማለትም ቶሪየም 232፣ በመሆኑ የእያንዳንዱ መስመር ቦታ ጥርት ብሎ ይለያል።

የዚህ ትክክለኛነት ፋይዳ እ.ኤ.አ. በ1995 በግልጽ ታይቷል። ሚሼል ማዮር እና ዲዲዬ ኬሎ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ የምልከታ ጣቢያ፣ 51 ፔጋሲ የተባለው ኮከብ በየ4.2 ቀኑ በሰከንድ 59 ሜትር ገደማ ወዲህና ወዲያ እንደሚወዛወዝ አረጋገጡ። መንስኤው በዙሪያው የሚዞር ፕላኔት ነበር። ይህ ፍጥነት የሞገድ ርዝመትን የሚለውጠው በአንድ ናኖሜትር አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ነው። በመሣሪያው ውስጥ የሚከሰት መጠነኛ የሙቀት ለውጥ እንኳ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ መንሸራተት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የቶሪየሙ ብርሃን ከኮከቡ ብርሃን ጋር በአንድ ጊዜ፣ በሌላ የብርሃን ገመድ በኩል እንዲገባ ተደርጓል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነዋል።

የመስመር ሰንጠረዦችን የሚጠቀሙ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። ከ200 ናኖሜትር በላይ ያሉ መስመሮች በተለምዶ የሚጻፉት በአየር ውስጥ ባላቸው ርዝመት ነው፤ አንዳንድ ሰንጠረዦች ደግሞ በባዶ ኅዋ ያላቸውን ይሰጣሉ። ከላይ የተጠቀሰው የሜርኩሪ መስመር በባዶ ኅዋ 546.23 ናኖሜትር ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ ተጠቃሚ በኮከቡ ፍጥነት ላይ በሰከንድ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ስሕተት ይፈጥራል፤ ይህም የ51 ፔጋሲን ፕላኔት ካስገኘው ምልክት ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። በመሆኑም ማንኛውንም ሰንጠረዥ ከመጠቀም በፊት በርዕሱ ወይም በመግለጫው ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።