የከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ቦርድን የመሰየም ሥልጣን

የከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎትን የሚመራ ቦርድ ዓመታዊ ዕቅድና በጀት ይመረምራል፣ በታሪፍ ላይ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሥራ አስኪያጁን አፈጻጸም ይከታተላል። አባላቱን ማን ይሰይማል የሚለው ጥያቄ አከራካሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የፍሳሽ መስመር አስቀድሞ ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚዘረጋና ወጪውን ማን እንደሚሸከም የሚመክረው ይኸው አካል ነውና።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የከተማ ውኃ አገልግሎት ድርጅቶች በክልል ሕግ የሚቋቋሙ በመሆናቸው ግን የቦርድ አሰያየሙ ከክልል ክልል ሊለያይ ይችላል። ክልሉ ለግንባታ ያወጣውን ገንዘብና የቴክኒክ ኃላፊነቱን ሲያነሣ፣ ከተማው በበኩሉ ወርኃዊ ሒሳቡን የሚከፍለው ነዋሪው መሆኑን ያስረዳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የተጠቃሚ ተወካይ የሚባለው አባል በተጠቃሚው ካልተመረጠ ግን ውክልናው ከስም አያልፍም።

አገልግሎቱ የአስተዳደር ወሰን ሲሻገር ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያቀርቡት የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች የሚገኙት በኦሮሚያ ክልል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ክልሉ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በመሰል ጉዳዮች ያለው ልዩ ጥቅም እንዲጠበቅ ያዛል፤ ዝርዝሩንም ለሕግ ይተዋል።

ከውጭ አገር ተሞክሮ የዴትሮይት ጉዳይ ተጠቃሽ ነው። የከተማዋ የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ለአጎራባች አስተዳደሮችም አገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ ቦርዱን የመሾም ሥልጣን ግን ለረጅም ጊዜ የከንቲባው ነበር። አጎራባቾቹ በታሪፍ ጉዳይ ሲያማርሩ ኖረዋል። በብክለት ክስ ሳቢያ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በፌዴራል ፍርድ ቤት ክትትል ሥር ቆይቷል። ከተማዋ በኪሳራ ሒደት ላይ ሳለች እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረሰ ስምምነት የታላላቅ ሐይቆች ውኃ ባለሥልጣን ተመሠረተ፤ ሥራውንም በጥር 2016 ጀመረ። ባለሥልጣኑ ዋና ዋና መስመሮችንና ማጣሪያዎችን ለ40 ዓመታት ተከራይቶ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። ከስድስቱ የቦርድ አባላት ሁለቱን የዴትሮይት ከንቲባ ይሾማሉ፤ የዌይን፣ የኦክላንድና የማኮምብ አውራጃዎች እያንዳንዳቸው አንድ አባል ሲሰይሙ፣ የቀረውን አንድ አባል የሚሺጋን ገዥ ይመርጣሉ። እንደ ታሪፍና በጀት ያሉ ዐበይት ውሳኔዎች አምስት ድምፅ ስለሚጠይቁ፣ ዴትሮይት በሁለት ድምፆቿ አንድን ውሳኔ ማስቆም ትችላለች፤ ያለ አጎራባቾቿ ስምምነት ግን ምንም ማጽደቅ አትችልም።