ኸሊፋው ሦስት ጊዜ ጠየቁ



በ2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ በየመስጂዱ የነበረውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። ገሚሳችን «ለጊዜው ጀማዓው ይቁም» ስንል ገሚሳችን «ከአላህ ቀደር የት ልትሸሹ ነው?» አልን። መከራከራችን ክፋት አልነበረውም። ክፋቱ አንዱ ሌላውን «ኢማን የሌለው»፣ ሌላውም መልሶ «መሃይም» ማለቱ ነበር። እኛም ከዚህ አልዳንንም። የሚገርመው ግን ይኸው ጥያቄ ከ1,300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሶሐቦች መካከል ተነስቶ ነበር።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከመዲና ወደ ሻም እየተጓዙ ነው። ሰርግ ከምትባል ቦታ ሲደርሱ (የቦታ ስም ነው፣ ድግስ አይደለም) አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) እና ሌሎች የጦር አዛዦች ተቀበሏቸው። ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱንም ነገሯቸው። በታሪክ «የዐምዋስ ጧዑን» የሚባለው ነው።

ዑመር አሚረል ሙእሚኒን ናቸው። «እንቀጥል» ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል? እሳቸው ግን ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) ልከው መጀመሪያ ሙሃጂሮችን አስጠሩ። ሙሃጂሮቹ ተለያዩ። ከፊሉ ለጉዳይ ተወጥቶ መመለስ አይገባም አለ፤ ከፊሉ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ይዞ ወረርሽኝ ውስጥ መግባት ልክ አይደለም አለ። ቀጥለው አንሷሮችን አስጠሩ፤ እነሱም ተለያዩ። በሦስተኛው በመካ መከፈት ዘመን የተሰደዱትን የቁረይሽ ሽማግሌዎች አስጠሩ። እነሱ በአንድ ቃል መመለሱን መከሩ። ዑመርም ጧት እንደሚመለሱ አስታወቁ።

አቡ ዑበይዳ ግን አልተዋጠላቸውም። ከአላህ ቀደር ሽሽት ነው ወይ ብለው በግልጽ ጠየቁ። ዑመር ከአቡ ዑበይዳ ጋር መለያየት አይወዱም ነበር፤ ይህን ቃል ሌላ ሰው በተናገረው ብለው ቅር መሰኘታቸውንም አልደበቁም። ሆኖም በሥልጣናቸው ዝም አላሰኟቸውም፣ ኢማናቸውንም አልጠረጠሩም። ሽሽቱ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። ምሳሌም ጨመሩ፦ አንድ ሰው ግመሎቹን ይዞ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ ቢወርድ በየትኛውም ቢያሰማራ ከቀደር አይወጣም።

በዚህ መሐል ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጡ። ለጉዳያቸው ራቅ ብለው ስለነበር ምክክሩ ላይ አልነበሩም። እሳቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት ነገር ነበር፦ ወረርሽኝ አለበት ወደተባለ አገር አይገባም፤ ካሉበት አገር ከተነሳም ሸሽቶ አይወጣም። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። ታሪኩን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ እንበል! ያን ሁሉ ሶሐባ ያከራከረው ጉዳይ ዕውቀቱ የነበረው በቦታው ባልነበረ አንድ ሰው ዘንድ ነው። «ይህን እንዴት አታውቁም?» ብሎ ያሳፈረ የለም፤ «እስካሁን የት ነበርክ?» ብሎ የቆጣም የለም።

አቡ ዑበይዳ ሻም ካለው ሕዝባቸው ጋር ቆዩ፤ በዚያው ወረርሽኝም በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አረፉ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ) ተከተሏቸው። ከዚያ ኃላፊነቱን የያዙት ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሕዝቡ ተራራ ላይ እንዲበተን ሲናገሩ፣ አንድ ሰው ተነስቶ በሕዝብ ፊት በከባድ ቃል ዘለፋቸው። ዐምር ለዘለፋው መልስ እንደማይሰጡ፣ እዚያም እንደማይቆዩ ተናግረው ሕዝቡን ይዘው ወጡ። ወረርሽኙም በአላህ ፈቃድ ተነሳ። ወሬው የደረሳቸው ዑመርም ውሳኔውን አልጠሉትም።

እንግዲህ ነገ በቀብር ቦታ፣ በመስጂድ ኮሚቴ ወይም በሰፈር ውኃ ጉዳይ ስንለያይ ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። ሁሉንም ወገን ሰምተናል? ለተቃወመን ሰው የሰጠነው ምክንያት ነው ወይስ ስድብ? የሚያውቅ ሆኖ ያልተጠራ ሰውስ ይኖር ይሆን?

አላህ ከነሱ አደብ ያድርሰን። ወላሁ አዕለም።