ወረቀት የሚበላ ቀለም

ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1231 ለሲሲሊ መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ ሕዝባዊ ሰነዶች በብራና እንጂ በወረቀት እንዳይጻፉ ከለከለ። ወረቀት በዐረቡ ዓለም በኩል የመጣ አዲስ ዕቃ ነበርና ዕድሜው አልታመነም። ክልከላው ዛሬ ግትርነት ቢመስልም ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ጉድለቱ ወረቀቱን ሲመረምር ቀለሙን መዘንጋቱ ነው። ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሠራው የዚያ ዘመን ወረቀት በራሱ ጠንካራ ነበር፤ የበላው በላዩ የፈሰሰው ቀለም ነው።

የአውሮፓ ጸሐፊዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት ቀለም የሚዘጋጀው በባሉጥ ዛፍ ላይ ነፍሳት ከሚፈጥሩት እብጠት፣ ከብረት ሰልፌትና ከሙጫ ነበር። ወደ ወረቀቱ ጭረት ዘልቆ ስለሚገባ በውኃ አይታጠብም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ለሚሠራ ሰው አይመችም። የውል ጸሐፊዎች የወደዱትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይኸው ውሕድ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ትርፉ ብረትም የወረቀቱን ሴሉሎስ መፈራረስ ያፋጥናል። ከዚህ ሁሉ የከፋ ዋጋ የከፈሉት ሠዓሊዎች ናቸው። ጣሊያናዊው ጉዌርቺኖ (1591–1666) በብርዕ ከሣላቸው ሥዕሎች አንዳንዶቹ ቀለም በብዛት በፈሰሰባቸው ቦታዎች ተሰነጣጥቀዋል፣ ተበስተዋልም። ሠዓሊው በጥልቅ ያጠቆረው ጥላ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ሆነ።

የኢትዮጵያ ጸሐፍት ልማድ ከዚህ ይለያል። በአብዛኛው የሚጠቀሙት ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከመሰል የተቃጠሉ ነገሮች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በመቃ ብርዕ ብራና ላይ ይሰፍራል። ካርቦን ብራናውን አይቦረቡርም፤ በላዩ ይቀመጣል። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ በእርጥበት ይለቃል፣ በመነካካት ብዛት ይረግፋል፣ ሲፋቅም ይለቃል። በብዙ የብራና መጻሕፍት የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም ተተክቶ የሚገኘው ይህን ስለሚፈቅድ ነው። አውሮፓ ሐሰተኛ ሰነድ ሠሪን ፈርታ መጽሐፏን ለአሲድ አሳልፋ ሰጠች ቢባል፣ እዚህ ደግሞ መጽሐፉ ሰንብቶ ባለቤትነቱ ለሚፍቅ እጅ ተጋለጠ ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ነው ማለት ግን ይከብዳል፤ የፍየል ቆዳ በየቀዬው ነበር፣ ወረቀት ግን ከሩቅ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ በዓድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና በራዲዮካርቦን ሲመረመር በግምት ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ጨርቅ አልበቃ ሲል ወረቀት ከእንጨት ይሠራ ጀመር፤ ቀለም እንዳይፈስስበት በአልምና በሙጫ ማጠንከሩም ተለመደ። አሁን አሲዱ በቀለሙ ሳይሆን በወረቀቱ ውስጥ ነው። በ1959 አሜሪካዊው ዊልያም ባሮው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የታተሙ መጻሕፍትን መርምሮ፣ አብዛኞቹ በቀጣዩ ምዕተ ዓመት ለንባብ የማይበቁ እንደሚሆኑ አስታወቀ። የአሜሪካ ምክር ቤት ዋጋ ያላቸው የፌዴራል መዛግብት አሲድ በሌለው ወረቀት እንዲዘጋጁ የሚደግፍ ሕግ ያወጣው ግን በ1990 ነው፤ ከ30 ዓመታት በኋላ። ዛሬ የብርዕ ሠዓሊ ሲገዛ የሚፈልገው «ከጥጥ የተሠራ፣ ከአሲድ ነጻ» የሚለው ምልክት የዚህ ዘግይቶ የመጣ ንቃት ውጤት ነው። ምልክቱ ስለ ቀለሙ አንዳች አይናገርም።

ኢትዮጵያ ወደ ኅትመት የተሻገረችው ወረቀት በተዳከመበት በዚያው ዘመን ነው። አዲስ ዘመን ከ1941 ጀምሮ የታተመው በጋዜጣ ወረቀት ላይ ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ወረቀቱን ያቢጫል፣ አሲዱም ያደርቀዋል። በ1973 በሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር የተጀመረውና ጌታቸው ኃይሌ ዝርዝሩን በማዘጋጀት ያገለገሉበት ሥራ፣ ከ9 ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎችን በማይክሮፊልም ቀዳ። ካሜራው ለብራናው ቀደመ። በዚያው ዓመት የታተመው ጋዜጣ ደግሞ በየመጋዘኑ እጥፋቱ ላይ እየተሰበረ ይገኛል።